44 ከ44 ያገኘው ቤት፦ የኦክደን የአረጋውያን መንከባከቢያ ጉዳይ

በፌብሩዋሪ 2016 አደሌይድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተፈተሸ። አደሌይድ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ፈታሾቹ 44 መመዘኛዎች ይዘው ገቡ። 44ቱንም አሟልቷል ብለው ወጡ። የቤቱ እውቅና ለተጨማሪ ሦስት ዓመት ታደሰ።

በማርች 2017 ያው ፈታሽ መሥሪያ ቤት እዚያው ቤት ተመልሶ ገባ። አሁን ግን ከ44ቱ 15ቱ አልተሟሉም አለ። ሕንጻው ያው የድሮው ነው። በሁለቱ ፍተሻዎች መሀል የሆነው ትልቁ ነገር አንድ ቤተሰብ የአባቱን ጉዳይ አልተውም ብሎ መቆሙ ነው።

ይህ የኦክደን ጉዳይ ነው። በዝርዝር ልጽፈው የፈለግኩት በምክንያት ነው። ስለ አረጋውያን ቤቶች ቁጥጥር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ደንብ የለም ወይም ተቆጣጣሪ የለም የሚል ክስ ነው። ኦክደን ውስጥ ደንብ ነበር። ተቆጣጣሪም ነበር። መጥቷል፣ አይቷል፣ ፈርሟል። ሰው ግን እዚያው ውስጥ ተጎድቷል።

ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። የታካሚውንና የቤተሰቡን ስም ትቼዋለሁ። ታሪካቸው በአደባባይ የታወቀ ነው፤ ለነገሩ ግን ስማቸው አያስፈልገንም።

ቤቱና ሰዎቹ

ኦክደን በአደሌይድ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለ ሰፈር ነው። ተቋሙ የሚጠራው በሰፈሩ ስም ነበር። የተከፈተው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። የግል ድርጅት አልነበረም። የግዛቱ መንግሥት ራሱ፣ በሰሜን አደሌይድ የጤና አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በኩል ያስተዳድረው ነበር። ስለዚህ "ለትርፍ ብለው ነው" የሚለው የተለመደው ማብራሪያ እዚህ አይሠራም።

ግቢው ውስጥ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ማክ እና ማክሌይ የሚባሉት ሁለቱ እንደ አረጋውያን መንከባከቢያ ተመዝግበው ከፌደራል መንግሥት ድጎማ ይቀበላሉ። ክሌመንትስ የሚባለው ሦስተኛው የግዛቱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ዝርዝር ትልቅ ጣጣ አለበት። ማክንና ማክሌይን የሚመዝነው የፌደራሉ ፈታሽ ነው። ገንዘብ፣ ሠራተኛና ሐኪም የሚመድበው ግን የግዛቱ ጤና ሥርዓት ነው። አንዱ ሌላው እያየ ነው ብሎ ማሰብ ይችላል።

እዚያ የሚገቡት ሰዎች ሌላ ቦታ አልችልም የተባለላቸው ናቸው። አንዳንዶቹ የከፋ ዲሜንሽያ፣ ማለትም የማስታወስና የማሰብ ችሎታን የሚያዳክም ሕመም አለባቸው፤ ከዚያ ጋር ባሕርያቸው ተለውጧል። ይጮኻሉ፣ ይመታሉ፣ ሌሊት ሲዞሩ ያድራሉ። ሌሎቹ ለረጅም ዘመን ከአእምሮ ሕመም ጋር ኖረው ያረጁ ናቸው። ተራው የአረጋውያን ቤት የመለሰውን ሰው ኦክደን ይቀበላል። ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ቦታ የለም። ብዙዎቹ ደግሞ የደረሰባቸውን መናገር አይችሉም። ማን እንደመታቸው፣ ውሃ መቼ እንደጠጡ፣ የትኛው ክኒን እንደተሰጣቸው አያስታውሱም። ከዚህ በኋላ የምተርከውን ሁሉ ይህን እያሰባችሁ አንብቡት።

ቤቱ ችግር ላይ ሲወድቅ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2007 መጨረሻ ላይ ፈታሾች ገብተው ብዙ መመዘኛዎች አልተሟሉም ብለው ነበር። ማዕቀብ ተጣለበት። በ2008 ደግሞ አንድ ነዋሪ በሌላ ነዋሪ ተመትቶ ሞተ። ያኔ ግርግር ሆነ፤ ሥራ ተሠራ፤ ማዕቀቡም ተነሳ። ከዚያ ወዲህ እውቅናው በየጊዜው እየታደሰለት እስከ 2016 ደረሰ። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ወድቆ የተነሳ ቤት ነው ይላል።

አንድ ታካሚ

በ2016 መጀመሪያ አንድ ዲሜንሽያ ያለበት ሰው ኦክደን ገባ። ሚስትና ልጆች አሉት። የሚወዱት፣ የሚጠይቁት ሰዎች ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ከባድ ሁኔታ ላይ ሆኖ ሆስፒታል ደረሰ። ገላው በልዟል። ውሃ አጥሮታል። መድኃኒቱም ተሳስቷል። ኩዌቲያፒን የሚባለው የአእምሮ መድኃኒት ከታዘዘለት አሥር እጥፍ ተሰጥቶታል። 50 ሚሊግራም መሆን የነበረበት 500 ሆኗል።

ስለዚህ መድኃኒት አንድ ነገር ልበል። ኩዌቲያፒን ሥነ አእምሮን ለሚያውክ ሕመም የተሠራ ነው። ዲሜንሽያ ያለበት አረጋዊ ሲረበሽ ለማረጋጋት ተብሎም በየአገሩ ይሰጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 ላይ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ዲሜንሽያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በትክክለኛው መጠን እንኳ ጥንቃቄ የሚፈልግ መድኃኒት ነው። አሥር እጥፍ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሰውየው በጁላይ 2016 ሞተ።

ቤተሰቡ መልስ ጠየቀ። ቁስሉ ከየት መጣ? መድኃኒቱ እንዴት እንዲህ ሆነ? ለምን ቀድሞ አልተነገረንም? ያገኙት መልስ አላረካቸውም። ጉዳዩን ሞሪስ ኮርኮራን ለሚባሉት ለግዛቱ ዋና የማኅበረሰብ ጎብኚ ወሰዱት። ይህ ሹመት በ2009 በወጣው የደቡብ አውስትራሊያ የአእምሮ ጤና ሕግ የተቋቋመ ነው። ጎብኚዎቹ ከሕክምና ተቋሙ ወገን አይደሉም። ሥራቸው ገብቶ ማየት፣ ከታካሚና ከዘመድ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር፣ ያዩትንም ለሚመለከተው ማድረስ ነው። መመዘኛ ይዘው ነጥብ አይሰጡም። ኦክደንን የከፈተው በር ይህ መሆኑ በጣም ይገርመኛል። 44 መመዘኛ ይዞ የመጣው ያላየውን፣ የሰው ታሪክ የሚሰማው አየው።

ኮርኮራን ነገሩን ወደ ላይ ገፉት። በዲሴምበር 2016 የጤና አገልግሎቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የግዛቱን ዋና የአእምሮ ሐኪም ዶክተር አሮን ግሮቭስን ኦክደንን መርምሩልኝ ብለው ጠየቁ። በ2017 መጀመሪያ ቤተሰቡ ታሪኩን ለብዙኃን መገናኛ ተናገረ። ከዚያ ሌሎች ቤተሰቦችም መናገር ጀመሩ። የፌደራሉ ፈታሽ በማርች ተመልሶ የገባው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ግሮቭስ ምን አገኙ?

ግሮቭስና ባልደረቦቻቸው ሪፖርታቸውን በኤፕሪል 2017 አወጡ። ሲያነቡት ያማል።

ሕንጻው ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን አልነበረም። ዲሜንሽያ ላለበት ሰው የሚያስፈልገው ብርሃን፣ መዘዋወሪያ፣ ግራ የማያጋባ አቀማመጥ ነው። ኦክደን ግን የድሮ ዘመን የአእምሮ ሆስፒታል ነበር የሚመስለው። ሠራተኛው በቁጥርም በሙያም አይበቃም። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች ከነርስ ሌላ የሥነ ልቦና፣ የማኅበራዊ ሥራና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስፈልጋቸዋል። እዚያ ግን እነዚህ ሙያዎች ወይ ጭራሽ የሉም ወይ በጣም ቀጭን ናቸው። የሕክምና አሠራሩም ዘመን ያለፈበት ነበር።

ከሁሉም በላይ ትኩረቴን የያዘው ነዋሪዎችን የማገድ ጉዳይ ነው። ሰውን ማገድ ሲባል በገመድ መታሰር ብቻ አይደለም። ወንበር ላይ በቀበቶ ይታሰራል። ተነስቶ መውጣት የማይችልበት ጎድጓዳ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በር ይቆለፍበታል። በመድኃኒት እንዲደነዝዝ ይደረጋል። እያንዳንዱ ለአደጋ ጊዜ ብቻ፣ ለአጭር ሰዓት፣ በሐኪም ውሳኔና ዘመዱ እያወቀ የሚፈቀድበት ሁኔታ ሊኖር ይችላል። ኦክደን ላይ ግን የዕለት አሠራር ሆኖ ነበር። ሰውየው ለምን እንደሚረበሽ ከመጠየቅ እንዲቀመጥ ማድረግ ይቀላል። ሠራተኛ ሲያንስ ደግሞ የሚቀለው ነገር ቶሎ ልማድ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የዝምታ ባህል ነበር። ጉዳት ሲደርስ ሁሉም አይመዘገብም። የተመዘገበውም ሁሉ አይመረመርም። ቤተሰብ ሲጠይቅ እንደ ችግር ፈጣሪ ይታያል። ጥሩ ነርሶችና ተንከባካቢዎች አልነበሩም ማለት አይደለም፤ ነበሩ። ነገር ግን የሚናገር ሰው የሚሰማው ባጣበት ቤት ውስጥ ጥሩ ሠራተኛ ወይ ይለምደዋል ወይ ይለቃል።

ሪፖርቱ እንደወጣ መንግሥት ቤቱ ይዘጋል አለ። በጁን 2017 የማክና የማክሌይ ነዋሪዎች ኖርዝጌት ሃውስ ወደሚባል ሌላ ቦታ ተዛወሩ። እዚያ በዶክተር ደንካን ማኬላር መሪነት አሠራሩን ከሥር ለመቀየር ሥራ ተጀመረ።

ታዲያ 44ቱ እንዴት ተሟሉ?

ብዙ ዘገባ እዚህ ጋ "ፈታሾቹ ሰነፉ" ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሰንፈው ነው ብዬ አላምንም። እንዲያ ቢሆንማ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሰዎቹን መቀየር ነው። ችግሩ እንዲያዩ የተሰጣቸው ነገር ውስጥ ነበር።

44ቱ መመዘኛዎች ከ1997ቱ የአረጋውያን እንክብካቤ ሕግ ጋር የመጡ ናቸው። በአራት ይከፈላሉ። 9ኙ ስለ አስተዳደርና ሠራተኛ፣ 17ቱ ስለ ጤናና የግል እንክብካቤ፣ 10ሩ ስለ ነዋሪው አኗኗርና መብት፣ 8ቱ ስለ ሕንጻና ደኅንነት ናቸው። ሁለተኛውን ክፍል ዘርዘር አድርጋችሁ ብታዩት ትደነግጣላችሁ። 2.7 የመድኃኒት አያያዝ ነው። 2.10 ምግብና ፈሳሽ ነው። 2.11 የቆዳ እንክብካቤ ነው። 2.13 የተረበሸን ባሕርይ እንዴት እንደሚይዙ ነው። አሁን ወደ ታካሚው ተመለሱ። አሥር እጥፍ መድኃኒት፣ የውሃ እጥረት፣ የበለዘ ገላ። ለእያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠው መመዘኛ ነበረ። ሁሉም "ተሟልቷል" ተብለው ነበር።

ስለዚህ የመመዘኛ እጥረት አልነበረም። እንግዲህ እንዴት እንደሚመዘኑ እንይ።

መጀመሪያ፣ ለእውቅና እድሳት የሚደረገው ትልቁ ፍተሻ ቀኑ አስቀድሞ ይነገር ነበር። እንግዳ እንደሚመጣ የተነገረው ቤት መጠረጉ አይቀርም። ሠራተኛ ይጨመራል፣ ፋይል ይስተካከላል፣ ያረጀው ማስታወቂያ ይነቀላል። በዓመት ቢያንስ አንዴ ሳይነገር የሚደረግ ጉብኝትም ነበር። እሱ ግን አጭር ነው፤ ከ44ቱ ጥቂቶቹን ብቻ ነው የሚነካው።

ሁለተኛ፣ ብዙው ነገር የሚታየው በወረቀት ነው። ቤቱ የመድኃኒት መመሪያ አለው? አለው። የስህተት መመዝገቢያ ቅጽ አለው? አለው። ሠራተኛው ሥልጠና ወስዷል? ፊርማው ይኸው። ወረቀት ሐሰት መሆን አያስፈልገውም። መመሪያው በትክክል ተጽፎ፣ ቅጹ በትክክል ታትሞ፣ ሌሊት ግን ማንም ሳይጠቀምበት ሊያድር ይችላል። ያልተመዘገበ ጉዳት ደግሞ በመዝገብ አይገኝም። እንዲያውም መዝገቡ ባዶ ሲሆን ቤቱ ሰላም ይመስላል። በኔ እምነት የጠቅላላው ጉዳይ እምብርት ይህ ነው። ብዙ ጉዳት መዝግቦ የሚያቀርብ ቤት መጥፎ ይመስላል፤ ምንም የማይመዘግበው ጥሩ ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ነዋሪዎቹ። ፈታሾቹ ቢያንስ 10 በመቶ ነዋሪዎችን ወይም ወኪሎቻቸውን ማነጋገር ነበረባቸው። በተራ የአረጋውያን ቤት ይህ የሆነ ነገር ይነግራል። ኦክደን ላይ ግን ብዙው ነዋሪ መናገር አይችልም። ዘመድም በሥራ ቀን ጠዋት እዚያ ላይገኝ ይችላል። ቢገኝ እንኳ "ይህን ብናገር በአባቴ ላይ ይብሱበታል" የሚል ፍርሃት አለ። ይህ ፍርሃት የትም አለ። የአረጋውያን ቤት ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ማንኛውንም ዘመድ ብትጠይቁ ትሰሙታላችሁ።

አራተኛው ከባዱ ነው። የ2007ቱ ማዕቀብ ከመጣ በኋላ እውቅናን ማለፍ ራሱ የቤቱ ግብ ሆነ። ግሮቭስ ይህን በግልጽ አንስተውታል። ጉልበቱ የሄደው ፈታሽ የሚጠይቀውን ወደማዘጋጀት ነው። ነዋሪው የሚያስፈልገው ነገር ከዚያ ጋር ሲገጥም ይሠራል፤ ሳይገጥም ሲቀር ይቀራል። አለቆች ደግሞ እውቅናው በታደሰ ቁጥር "ቤቱ ደህና ነው" የሚል ማረጋገጫ ይይዛሉ። ቅሬታ ሲመጣ የሚጠቅሱት እሱኑ ነው። በዚህ መንገድ ፍተሻው ችግር ማግኘቱ ቀርቶ ችግሩን የሚሸፍን ሆነ። ከዚህ የከፋ የቁጥጥር ውድቀት አላውቅም። ፍተሻ ባይኖር ኖሮ ቢያንስ አለቃው ጥርጣሬ ይኖረው ነበር።

መመዘኛው "ተሟልቷል" ወይም "አልተሟላም" ብቻ መሆኑም አልረዳም። በጣም ጥሩ ቤትና ጠርዝ ላይ ያለ ቤት አንድ ዓይነት 44 ይይዛሉ። ወላጁን የሚያስገባ ልጅ በሁለቱ መሀል መምረጫ የለውም።

ተጠያቂነት

ከግሮቭስ ቀጥሎ የገቡት የግዛቱ የፀረ ሙስና ኮሚሽነር ብሩስ ላንደር ናቸው። ሪፖርታቸው በፌብሩዋሪ 2018 ወጣ። በርዕሱ ላይ ኦክደንን የደቡብ አውስትራሊያ ታሪክ አሳፋሪ ምዕራፍ ብለውታል። አምስት ግለሰቦችና የጤና አገልግሎቱ መሥሪያ ቤት ራሱ የአስተዳደር ጥፋት ፈጽመዋል አሉ። የግዛቱ የአእምሮ ጤና ሚኒስትር ሊሳ ቭላሆስ ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር 2017 ሥልጣናቸውን ለቀው ነበር።

ፖለቲካው ላይ አልቆይም። አንድ ነገር ግን ልበል። ላንደር ደጋግመው የገጠማቸው "አላውቅም ነበር" የሚል መልስ ነው። ከክፍል ኃላፊ እስከ ላይ ድረስ። የአንዳንዱ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የማወቅ ግዴታ ያለበት ሰው አለማወቁ መከላከያ ሊሆነው አይገባም። በተለይ ታካሚው ራሱ መጮህ በማይችልበት ቦታ።

ከአንድ ግቢ ወደ አገር

በሜይ 2017 የፌደራሉ የአረጋውያን እንክብካቤ ሚኒስትር ኬን ዋያት ሁለት ሰዎችን መደቡ። ኬት ካርኔል የቀድሞ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ግዛት ዋና ሚኒስትር ናቸው። ሮን ፓተርሰን ደግሞ የኒውዚላንድ የሕግ ፕሮፌሰርና የቀድሞ የጤናና የአካል ጉዳተኞች ኮሚሽነር ናቸው። የተሰጣቸው ጥያቄ ቁጥጥሩ ለምን ኦክደንን አላየም የሚል ነው። በኦክቶበር 2017 አሥር ምክረ ሐሳቦች ይዘው ቀረቡ።

ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። የእውቅና ፍተሻ ሳይነገር ይደረግ። ፈታሹ፣ ቅሬታ ሰሚውና ቅጣት ሰጪው የተበታተኑ መሆናቸው ይቅር፤ አንድ ገለልተኛ ኮሚሽን ይቋቋም። ከባድ ጉዳት በግዴታ ሪፖርት ይደረግ። በመድኃኒትም በቀበቶም ሰውን ማገድ ገደብ ይበጅለት። ሕዝብ ቤቶችን የሚያነጻጽርበት በኮከብ የሚሰጥ ደረጃ ይኑር።

አብዛኛው ተፈጽሟል፤ ጊዜ ግን ፈጅቷል። ሳይነገር የሚደረግ የእውቅና ፍተሻ ከጁላይ 2018 ጀመረ። የአረጋውያን እንክብካቤ ጥራትና ደኅንነት ኮሚሽን በጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ሥራ ጀመረ። በጁላይ 2019 44ቱ መመዘኛዎች ቀርተው 8 አዳዲስ መስፈርቶች ተተኩ። ነዋሪን ማገድን የሚመለከት ደንብም በዚያው ቀን ሥራ ላይ ዋለ። ከባድ ጉዳትን የማሳወቅ ግዴታ በኤፕሪል 2021 መጣ። የኮከብ ደረጃው በዲሴምበር 2022 ነው የታተመው። ምክሩ ከተሰጠ አምስት ዓመት አለፈው ማለት ነው።

በመሀሉ በኦክቶበር 2018 ሮያል ኮሚሽን ተቋቋመ። ይህ በአውስትራሊያ ከፍተኛው የሕዝብ ምርመራ ዓይነት ነው። ምስክር የሚሰማበትን የመጀመሪያ ችሎቱን በፌብሩዋሪ 2019 አደሌይድ ላይ ከፈተ። የመጀመሪያዋ ምስክር የኦክደኑ ታካሚ ባለቤት ነበረች። ኮሚሽኑ ከ10,000 በላይ አቤቱታዎችና አስተያየቶች ተቀበለ። በማርች 2021 የወጣው የመጨረሻ ሪፖርቱ 148 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ሲጀመር ኦክደን ልዩ ጉዳይ ነው ይባል ነበር። ልዩ እንዳልነበረ ያኔ ታወቀ።

የተሻሻለው ምኑ ነው?

እኔ ከለውጦቹ ሁሉ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለሁለቱ ነው።

አንደኛው ቁጥሮች ናቸው። ከጁላይ 2019 ጀምሮ በአውስትራሊያ ድጎማ የሚቀበል እያንዳንዱ የአረጋውያን ቤት በየሦስት ወሩ የግዴታ መረጃ ይልካል። ስንት ነዋሪ ከመተኛት ብዛት የመጣ ቁስል አለበት? ስንት ሰው ታግዷል? ስንት ሰው ሳይታሰብ ከሳ? በጁላይ 2021 መውደቅና የመድኃኒት አጠቃቀም ተጨመሩ። እዚህ ውስጥ የሥነ አእምሮ መድኃኒትም አለበት። እነዚህ ሰውነት ላይ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። መመሪያው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ነዋሪው በሦስት ወር አምስት ኪሎ ከቀነሰ የሆነ ሰው ምግቡን እያበላው አይደለም። በርግጥ ቁጥሩን የሚሞላው ቤቱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሳይነገር የሚመጣው ፈታሽ ቁጥሩን ይዞ መኝታ ክፍል ገብቶ ማመሳከር አለበት።

ሁለተኛው የሰው ኃይል ነው። ከጁላይ 2023 ጀምሮ በየአረጋውያን ቤቱ 24 ሰዓት የተመዘገበ ነርስ መኖር ግድ ሆነ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ለአንድ ነዋሪ በቀን በአማካይ 215 የእንክብካቤ ደቂቃ መመደብ አለበት። ከዚህ ውስጥ 44ቱ ከተመዘገበ ነርስ መሆን ይጠበቅባቸዋል። ኦክደን ላይ የታየው መታገድና መደንዘዝ ሥሩ አንድም እዚህ ነው። አንድ ሠራተኛ ብዙ የተረበሹ ሰዎችን ብቻዋን ይዛ ሌሊቱን ስታድር፣ በቀበቶ የማሰር ፈተና ይመጣል። በሥልጠና ብቻ አይመለስም። ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋታል።

ሳይነገር መምጣትን በተመለከተ ሰው ብዙ ይጠብቅበታል። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ሳይነገር የመጣ ፈታሽ ቢሮ ገብቶ ፋይል መቁጠር ከጀመረ ለውጡ ትንሽ ነው። የሚታየው ነገር የሚታይበት ሰዓት አለው። ራት ሲበላ፣ ገላ ሲታጠብ፣ የቀኑ ሠራተኛ ወጥቶ የማታው ሲገባ። ዲሜንሽያ ያለበት ሰው አመሻሽ ላይ ይበልጥ ይረበሻል። ያን ሰዓት ሠራተኞች ምን እንደሚያደርጉ ያላየ ሰው የባሕርይ አያያዝን መዘነ ለማለት ይከብደኛል።

ለቤተሰብም ከኦክደን የሚገኝ ነገር አለ። ወላጃችሁ የአረጋውያን ቤት ካለ ወይም ሊገባ ከሆነ፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን በየጊዜው ጠይቁ። አዲስ ማረጋጊያ ሲጨመር ለምን እንደተጨመረ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነና ማን እንደፈቀደ ጠይቁ። ክብደቱን ጠይቁ። ቁስል ወይም ብልዝ ካያችሁ ቀኑን ጻፉ፤ ፎቶ አንሱ። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አትሂዱ። ቅሬታችሁን በቃል ከተናገራችሁ በኋላ በጽሑፍም አስገቡ። መልስ ካላገኛችሁ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰሚ ፈልጉ። የኦክደኑ ቤተሰብ በተቋሙ ውስጥ ብቻ ሲከራከር ቢቀር ኖሮ ጉዳዩ ፋይል ውስጥ ነበር የሚቀረው።

በኖቬምበር 1 ቀን 2025 የ1997ቱ ሕግ ቀርቶ አዲስ የአረጋውያን እንክብካቤ ሕግ ሥራ ጀምሯል። የነዋሪው መብት የሕጉ መነሻ ሆኗል። መስፈርቶቹም ተጠናክረው 7 ሆነዋል። በጎ ነው።

አንድ ቀዳዳ ግን አሁንም ይታየኛል። ኦክደን የተጋለጠው ታካሚው የማይደክሙ ሚስትና ልጆች ስለነበሩት ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎችም ነበሩ። ዛሬ ብቸኛ ለሆኑ አረጋውያን በጎ ፈቃደኛ ጎብኚ የሚመድብ አገር አቀፍ ፕሮግራም አለ። ሥራው ግን ጓደኝነት ነው፤ ቡና ጠጥቶ፣ ተጫውቶ መሄድ። ነጻ የጥብቅና አገልግሎትም አለ፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሰው መደወል አለበት። መደወል የማይችል፣ የሚደውልለትም የሌለው ሰው በመሀል ይቀራል። ኮርኮራን በአእምሮ ሕክምናው በኩል የነበራቸው ዓይነት ሥልጣን፣ ማለትም ገብቶ የማየት፣ ከነዋሪው ጋር የመቀመጥና ያዩትን በቀጥታ ለተቆጣጣሪ የማቅረብ ሥልጣን፣ ዘመድ ለሌላቸው ነዋሪዎች ሁሉ በሕግ የተመደበ ሰው እንዲኖረው እፈልጋለሁ። የጥራትና ደኅንነት ኮሚሽኑ ፍተሻ ሲገባም መጀመሪያ ሊያነጋግር የሚገባው ያን ሰው ነው።